የዜግነት ፈተና ምንድን ነው? ዝግጅቱስ ከየት ይጀመራል?



በማታው የእንግሊዝኛ ክፍላችን ደጋግመው ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ዜግነት ፈተና የሚነሣው ነው። ቀደም ብሎ ወደ አሜሪካ የሄደ ወንድም ወይም ልጅ ስልክ ደውሎ «ለዜግነት እያጠናሁ ነው» ባለ ቁጥር እዚህ ካኩማ ያለው ቤተሰብ የየራሱን ግምት ይሰጣል። አንዱ «ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው አያልፈውም» ይላል። ሌላው «ገንዘብ ለከፈለ መልሱ ይሸጣል» ይላል። «ፊደል ያልቆጠረችው እናቴስ ምን ይውጣታል?» ብሎ የሚጨነቅም አለ።

ይህ ጽሑፍ የአሜሪካንን የዜግነት ፈተና በተመለከተ ትክክለኛውን ነገር ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ዋናው ነገር ይታወቅ። የፈተናው ጥያቄዎችና መልሶች አስቀድመው በይፋ ታትመው የወጡ ናቸው። ማንም ሰው በነጻ ሊያገኛቸው ይችላል። ስለዚህ ምስጢር የለውም፤ የሚሸጥም ነገር የለም። ይልቅስ ብርቱ ጥንቃቄ የሚጠይቁት ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። ሁለተኛው ከካምፕ ጀምሮ ስለ ራሳችንና ስለ ቤተሰባችን የሰጠነው ቃል ነው። ሁለቱም ዛሬ፣ እዚሁ ሆነን ልናዘጋጃቸው የምንችላቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መደበቅ አይገባም። የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አግዶታል፤ ለ2026 የበጀት ዓመት የተወሰነውም ጣሪያ ከመላው ዓለም 7,500 ሰው ብቻ ነው። በመሆኑም ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማንም የጉዞ ተስፋ አይሰጥም። ቢሆንም በዚያ የሚኖሩ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን ብዙዎች ናቸው፤ የእነርሱ ዜጋ መሆን ወይም አለመሆን እዚህ ያለውንም ቤተሰብ ይነካል። እንዲሁም ካናዳና አውስትራሊያ ተመሳሳይ ፈተና አላቸው። የተማሩት ትምህርት ደግሞ የትም ቢሄዱ አብሮ ይሄዳል።

ዜግነት ለስደተኛ ለምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 34 የስደተኞችን ዜግነት ማግኘት ስምምነቱን የፈረሙ አገሮች በተቻለ መጠን እንዲያመቻቹ፣ ሥራውን እንዲያፋጥኑና ወጪውን እንዲቀንሱ ይጠይቃል። ይኸው ስምምነት አንድ ስደተኛ አዲስ ዜግነት አግኝቶ በዚያ አገር ጥበቃ ሥር ሲገባ ስደተኛነቱ እንደሚያበቃ ይናገራል። እንግዲህ ዜግነት ማለት የስደት መዝገብ የሚዘጋበት አንዱ መንገድ ማለት ነው።

በአሜሪካ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው መሥራትና በቋሚነት መኖር ይችላል። ነገር ግን ዜጋ ካልሆነ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም፣ የአሜሪካ ፓስፖርት አይዝም፣ ከባድ ወንጀል ቢፈጽም ከአገር ሊባረር ይችላል። ለእኛ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ልጅ አባትና እናቱን ወይም ወንድምና እህቱን በራሱ ማመልከቻ መጥራት አይችልም። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ዜጋ ግን ለወላጆቹ ማመልከት ይችላል። ከዚህም ሌላ አባት ወይም እናት ዜጋ ሲሆኑ፣ ግሪን ካርድ ኖሯቸው በእነርሱ አሳዳጊነት አሜሪካ አብረዋቸው የሚኖሩ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ያለ ፈተና ዜጎች ይሆናሉ። ይህ ሕግ ከፌብሩዋሪ 2001 ጀምሮ የሚሠራ ነው።

የሚቀረውንም ማወቅ ይገባል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ ልዩ መታወቂያ ሲያወጣ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ሰው ይህን ሁሉ መዝኖ መወሰን አለበት።

መንገዱ ምን ያህል ይረዝማል?

በስደተኝነት አሜሪካ የገባ ሰው አንድ ዓመት ከኖረ በኋላ ለግሪን ካርድ ያመለክታል። ካርዱ ዘግይቶ ቢወጣም ዘመኑ የሚቆጠረው አገሩ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ ቀን አንሥቶ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ዕድሜውም 18 ከሆነ፣ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረውም ማመልከቻውን ማስገባት ይፈቀዳል። ማመልከቻው ኤን-400 የሚባል ፎርም ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በወጣው ተመን ክፍያው በወረቀት 760 ዶላር፣ በኢንተርኔት 710 ዶላር ሲሆን ገቢው አነስተኛ ለሆነ አመልካች 380 ዶላር ነው።

ከአምስቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል አሜሪካ ውስጥ መኖር ያስፈልጋል። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ብሎ ወጥቶ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ሰው ኑሮውን እንዳላቋረጠ ማስረዳት ይጠየቃል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ የተቆጠረለት ዘመን ይቋረጥበታል። ዘመዶቻችሁ ሊጠይቋችሁ ሲመጡ «ትንሽ ቆዩ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡላቸው።

ፈተናው ምን ምን አለው?

ፈተናው የሚሰጠው በአዳራሽ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። አመልካቹ በቀጠሮው ቀን ከአንድ የኢሚግሬሽን መኮንን ፊት ብቻውን ይቀርባል። እውነቱን ለመናገር ከማለ በኋላ አራት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛ፣ መናገር። ለዚህ የተለየ የፈተና ወረቀት የለም። መኮንኑ አመልካቹ የሞላውን ፎርም ይዞ ስለ ስሙ፣ ስለ አድራሻው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ጉዞው በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። አመልካቹ ተረድቶ ከመለሰ የመናገር ፈተናውን አለፈ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ማንበብ። እስከ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይቀርባል፤ አንዱን በትክክል ማንበብ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ መጻፍ። መኮንኑ እስከ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ አንዱን በትክክል መጻፍ ይበቃል። ትርጉሙን የማያበላሽ የፊደል ስህተት አይጥልም። በንባብም ጊዜ የአነጋገር ዘይቤያችን የሐበሻ መሆኑ አይጥልም። ለንባብና ለጽሕፈት የሚያስፈልጉት ቃላት ዝርዝር ታትሞ የወጣ ነው። እንደ ፕሬዚዳንት፣ ኮንግረስ፣ ዜጋ፣ ድምፅ መስጠት፣ ባንዲራ፣ ዋሽንግተን፣ ሊንከን ያሉት ቃላት፣ የወራትና የቀለማት ስሞችም ይገኙበታል።

አራተኛ፣ ስለ አሜሪካ ታሪክና መንግሥት የሚቀርበው የቃል ጥያቄ ነው። ይህ ክፍል በቅርቡ ስለተለወጠ አሮጌ መጽሐፍ የሚያጠኑ ሰዎች ልብ ሊሉት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፈተና 100 ጥያቄዎች ነበሩት፤ ከእነዚህ እስከ 10 ተጠይቆ 6 የመለሰ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ማመልከቻ ያስገቡ ግን የሚፈተኑት አዲሱን ነው። አዲሱ 128 ጥያቄዎች አሉት፤ እስከ 20 ይጠየቃል፣ ለማለፍ 12 መመለስ ያስፈልጋል። 12 ከተመለሰ ወይም 9 ከተሳተ መኮንኑ መጠየቁን ያቆማል። ከዚያ ቀን በፊት ያመለከተ ሰው የሚፈተነው በ2008ቱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ያልተሳካለት ሰው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ዕድል ይሰጠዋል። የሚፈተነውም በወደቀበት ክፍል ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ሁለተኛውም ካልሆነ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፤ ሆኖም እንደገና ከፍሎ ማመልከት ይቻላል። ፈተና መውደቅ ብቻውን ግሪን ካርድ አያስነጥቅም። ያለፈ ሰው ደግሞ ዜጋ የሚሆነው ፈተናውን ባለፈበት ቀን ሳይሆን በሥነ ሥርዓት ቃለ መሐላ በፈጸመበት ቀን ነው።

ጥያቄዎቹ እንዴት ይጠናሉ?

ብዙ ሰው 128ቱን ጥያቄ እንደ ዳዊት በቃል ለመውጣት ይሞክራል። በቃል መያዝ ይረዳል፤ ነገሩን ሳይረዱ መያዝ ግን መኮንኑ ጥያቄውን በሌላ አነጋገር ሲያቀርበው ያደናግራል። ከዚህ የሚሻለው ከምናውቀው ጋር እያነጻጸሩ መማር ነው።

ለምሳሌ አገራችን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች እንዳሏት እናውቃለን። በአሜሪካም ኮንግረስ የሚባለው ሕግ አውጭ አካል ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። አንዱ ሴኔት ሲሆን 100 አባላት አሉት፤ 50ዎቹ ክፍላተ ሀገር እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ይልካሉ፤ የሥራ ዘመናቸው ስድስት ዓመት ነው። ሁለተኛው የተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን ድምፅ የሚሰጡ 435 አባላት አሉት፤ የሥራ ዘመናቸው ሁለት ዓመት ነው።

ንጽጽሩ የሚያሳስትበት ቦታም አለ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ የአገር ርእሰ ብሔር ሲሆን መንግሥቱን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። በአሜሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር የለም። ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔርም የመንግሥት መሪም የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥም ነው፤ የሚመረጠውም ለአራት ዓመት ነው። እንዲሁም በእኛ ሕገ መንግሥት የሕገ መንግሥት ክርክር የመጨረሻ ውሳኔ የሚያገኘው ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በአሜሪካ ይህ ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው፤ የመጨረሻውም ዘጠኝ ዳኞች ያሉት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ የተረዳ ሰው «የመንግሥት ሦስቱ ቅርንጫፎች ምንና ምን ናቸው?» ሲባል ሕግ አውጭ፣ ሕግ አስፈጻሚና ሕግ ተርጓሚ ብሎ በትክክል ይመልሳል።

የሕገ መንግሥቱ ጥያቄዎችም እንደዚሁ ናቸው። የአገሪቱ የበላይ ሕግ ሕገ መንግሥቱ ነው፤ የተጻፈው በ1787 ነው። እስከ ዛሬ 27 ማሻሻያዎች ተደርገውበታል። የመጀመሪያዎቹ ዐሥሩ የመብቶች ድንጋጌ ይባላሉ። ከእነዚህም የመጀመሪያው የመናገር፣ የሃይማኖት፣ የፕሬስ፣ የመሰብሰብና ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ ነጻነትን ይዟል። «የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ ባለ ሥልጣንም ቢሆን ማንም ከሕግ በላይ አይደለም ማለት ነው። እኛ ብዙዎቻችን ለስደት የተዳረግነው ይህ በመጓደሉ ስለሆነ ትርጉሙን ለማስረዳት ሌላ አስተማሪ አያስፈልገንም።

ታሪኩን ለመያዝ በአገራችን ዘመን መሰካት ይረዳል። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻነቷን ያወጀችው ጁላይ 4 ቀን 1776 ነው፤ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት በጀመረበት ጊዜ አካባቢ ማለት ነው። የነጻነት መግለጫውን የጻፈው ቶማስ ጀፈርሰን ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ባሮች ነጻ እንዲወጡ ያወጀው አብርሃም ሊንከን ከ1861 እስከ 1865 በፕሬዚዳንትነት ሲሠራ በአገራችን የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበረው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ደግሞ በፌብሩዋሪ 1945 ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በግብፅ የተገናኘው ነው። በዚህ ዓይነት የተሰካ ነገር ቶሎ አይረሳም።

የፕሬዚዳንቱ፣ የሴናተሩና የገዥው ስም በምርጫ ይለወጣል። ስለዚህ እነዚህን ስሞች ከአሮጌ መጽሐፍ ሳይሆን ከፈተናው ቀን አቅራቢያ ካለው ዜና መያዝ ያስፈልጋል።

በአማርኛችን ምክንያት የሚመጣ ስህተት

በክፍል ውስጥ ደጋግመን የምናየው አንድ ነገር አለ። አማርኛ ተናጋሪ «አልታሰርክም?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ይላል፤ «አዎ፣ አልታሰርኩም» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ላለው ጥያቄ «የስ» ብሎ መመለስ «ታስሬ ነበር» ማለት ይሆናል። ኤን-400 ፎርም ላይ «ሀቭ ዩ ኤቨር» ብለው የሚጀምሩ ብዙ ጥያቄዎች አሉ፤ ትርጉሙ «በሕይወትህ አንድ ጊዜም ቢሆን» ማለት ነው። ታስረህ ታውቃለህ፣ ዋሽተህ ጥቅም አግኝተህ ታውቃለህ፣ ሰው በማሳደድ ተሳትፈህ ታውቃለህ እያለ ይቀጥላል። በአክብሮት ብቻ ራስ መነቅነቅና ያልገባንን ጥያቄ «የስ» ማለት እዚህ ላይ ከባድ ጉዳት ያመጣል። ያልገባን ጥያቄ እንዲደገም ወይም በሌላ አነጋገር እንዲነገር መጠየቅ የተፈቀደ ነው። ነውር የለበትም።

ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» ማለትም በአገራችን የተለመደ ነው፤ አሜሪካዊ መኮንን ግን መልስ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ድምፅን አውጥቶ መመለስ ይገባል። ቀጠሮንም በሚመለከት በደብዳቤው 9 ሰዓት ጠዋት የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቀን ሲጻፍም አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ 05/09 ቢል ሜይ 9 እንጂ ሴፕቴምበር 5 አይደለም።

አዛውንቶችና ሕሙማንስ?

ፊደል ላልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ሕጉ መንገድ አበጅቷል። ዕድሜው 50 ዓመት የሞላና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም ዕድሜው 55 የሞላና 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ነው። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ ግን በአስተርጓሚ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሚያውቀው ቋንቋ ይመልሳል። ዕድሜው 65 የሞላና 20 ዓመት የኖረ ደግሞ ተለይተው የወጡ 20 ጥያቄዎችን ብቻ ያጠናል፤ ከነዚህ 10 ተጠይቆ 6 ከመለሰ ያልፋል፤ እርሱም በገዛ ቋንቋው ነው።

እንበልና አንዲት እናት በ42 ዓመታቸው አሜሪካ ገቡ። በ47 ዓመታቸው ማመልከት ይችላሉ፤ የሚፈተኑት ግን በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ መፈተን ከፈለጉ 15 ዓመት እስኪሞላቸው፣ ማለትም እስከ 57 ዓመታቸው መጠበቅ አለባቸው። ይህ ሁሉ ዘመን ሳይጠበቅ ጥቂት እንግሊዝኛ መማር እንደሚሻል ሒሳቡ ራሱ ይነግረናል። በገበያ ውለው ስዋሂሊ ያለ መምህር የለመዱ እናቶች በካምፓችን ጥቂት አይደሉም። እንግሊዝኛውንም ይችሉታል።

በአካል ወይም በአእምሮ ሕመም ምክንያት መማር የማይችል ሰው ሐኪም ኤን-648 በሚባል ፎርም ከመሰከረለት ከፈተናው ነጻ ሊሆን ይችላል። እርጅና ብቻውን ወይም አለመማር ብቻውን ግን እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም።

ከፈተናው የሚበልጠው ፋይሉ ነው

ወደ ሁለተኛው ዋና ጉዳይ እንምጣ። ለሰፈራ በሚደረገው ቃለ መጠይቅ የምንሰጠው ቃል በፋይል ይቀመጣል። ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ የዜግነት መኮንኑ ኤን-400ን ሲያይ ከዚያ ፋይል ጋር ሊያስተያየው ይችላል። የልጆች ቁጥር፣ የትዳር ሁኔታ፣ የልደት ቀን፣ ከአገር የወጣንበት ምክንያት አንድ ካልሆነ ጥያቄ ይነሣል። የሌላ ሰው ልጅ እንደራስ ልጅ ማስመዝገብ ወይም የሌለ ትዳር አለ ማለት ለጊዜው የጠቀመ ሊመስል ይችላል፤ ኋላ ግን ዜግነትን ማስከልከል ብቻ ሳይሆን ግሪን ካርድንም ሊያሳጣ ይችላል። በሐሰት የተገኘ ዜግነትም በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል። ወንድም የወንድሙን ልጅ ቢያሳድግ ጽድቅ ነው፤ እውነቱን ግን «የወንድሜ ልጅ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ይገባዋል።

በተለይ በእኛ ዘንድ የሚያምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ፊደል ቢለወጥ ሌላ ሰው ይመስላል። ስለዚህ በምዝገባ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ በቃላችሁ ያዙት፤ በየትም ቦታ እንደዚያው ጻፉት። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር የተናገሩት የልደት ዓመት እንደ ፈረንጅ ዓመት ከተጻፈ ሰው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። ስህተት ካያችሁ «ይለፍ» አትበሉ። ዛሬውኑ ለምዝገባ ክፍል አሳውቁ፤ ያሳወቃችሁበትን ወረቀትም አስቀምጡ።

ሕጉ መልካም ጠባይም ይጠይቃል። ግብር መክፈልና ከወንጀል መራቅ ይጠበቃል። ጫት በአገራችን በገበያ የሚሸጥ ቢሆንም በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ዘመዶቻችሁ ላኩልን ቢሉም አትላኩ። ዜጋ ሳይሆኑ ለምርጫ መመዝገብ ወይም ድምፅ መስጠትም እንደ ቀላል የሚታይ ጥፋት አይደለም። አንድ ሰው መንገድ ላይ ወረቀት አቅርቦ «ፈርም» ስላለ ብቻ መፈረም አይገባም።

ካናዳና አውስትራሊያ

በካናዳ አመልካች ካለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ 1,095 ቀን በአገሩ መኖር አለበት። ፈተናው ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 54 ለሆኑ ነው፤ 20 ጥያቄ ቀርቦ 15 የመለሰ ያልፋል። በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ መፈተን ይቻላል፤ ማጥኛው መጽሐፍ በነጻ ይሰጣል። በአውስትራሊያም ጥያቄው 20 ነው፤ ለማለፍ 75 በመቶ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ግን ስለ አገሩ እሴቶች የሚቀርቡት አምስት ጥያቄዎች አንድም ሳይሳት መመለስ አለባቸው። 60 ዓመት የሞላው ሰው አይፈተንም። በሦስቱም አገሮች የሚጠየቀው ነገር ይመሳሰላል፤ የምርጫ ሥርዓት፣ የዜጋ መብትና ግዴታ፣ የአገሩ ታሪክ ነው።

ከአሁኑ ምን እናድርግ?

1. ስማችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም፣ የልደት ቀናችሁንና አድራሻችሁን በእንግሊዝኛ መጻፍና ፊደል በፊደል መናገር ተለማመዱ። ከቃለ መጠይቁ ብዙው ክፍል ይህ ነው።

2. የልጆቻችሁን ስምና የልደት ቀን፣ የተጋባችሁበትን ቀን፣ ከአገር የወጣችሁበትንና ካምፕ የገባችሁበትን ጊዜ በአንድ ደብተር ላይ መዝግቡ። በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉት።

3. በየቀኑ አንድ ዓረፍተ ነገር እየሰማችሁ ጻፉ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ያንብብ፣ እናት ትጻፍ። ልጁም ይጠቀማል። ደብተር ካለቀባችሁ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል።

4. አምስት ስድስት ሆናችሁ የጥናት ቡድን ፍጠሩ። አንዱ መኮንን ሆኖ ይጠይቅ፣ ሌላው ቆሞ ይመልስ። በሰው ፊት ድምፅ አውጥቶ የመመለስን ፍርሃት የሚያስለቅቀው ይህ ልምምድ ነው።

5. አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ በየትኛው ፈተና እንደሚፈተን ጠይቁት። ማመልከቻውን ያስገባበት ቀን ይወስነዋል። ግሪን ካርዱን ከያዘ አምስት ዓመት አልፎት «ነገ አመለክታለሁ» እያለ የሚኖር ካለም አስታውሱት፤ የወላጆቹ ጉዳይ በእርሱ ዜግነት ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል።

6. ለማንም ደላላ ገንዘብ አትስጡ። የፈተናው ጥያቄ፣ መልሱና ፎርሙ በነጻ የሚገኙ ናቸው። በዚህ ካምፕም ምዝገባም ሆነ የሰፈራ ጉዳይ በክፍያ አይሠራም። በአሜሪካ የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም በመንግሥት የታወቀ ተወካይ ብቻ ነው፤ ዘመዶቻችሁ ፎርም ሲያስሞሉ ይህን ይጠይቁ።

በመጨረሻም ለአዛውንቶቻችን አንድ ቃል አለን። «አሁንማ አልፎብኛል» አትበሉ። ፈተናው ሊቅ ለመምረጥ የተሰናዳ አይደለም። ሰው የሚኖርበትን አገር ሕግና ታሪክ በመጠኑ እንዲያውቅ፣ ከጎረቤቱም ጋር እንዲግባባ የተዘጋጀ ነው። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን መጻፍ፣ ከ20 ጥያቄ 12 መመለስ በትዕግሥት ለሚማር ሰው ከአቅም በላይ አይሆንም። የማታው ክፍላችን በር ለእናቶችና ለአባቶችም ክፍት ነው፤ ልጅ አዝላችሁም ቢሆን ኑ። ደብተራችሁንና የምዝገባ ወረቀታችሁን ግልባጭ ይዛችሁ ብትመጡ የመጀመሪያው ትምህርት የገዛ ስማችሁ ይሆናል።